ወደ ኡካ በአሮጌ የመኝታ መኪና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አገሩ በየሰዓቱ መልኩን ሲለውጥ ያያል። የጤፉ ማሳ ለእንሰት ጓሮ፣ የእንሰቱ ጓሮ ለግቤ ቆላ፣ የግቤ ቆላ ለጅማ ኮረብታ ቦታውን ይለቃል፤ ከበደሌ በኋላም ደኑ መንገዱን ከግራና ከቀኝ እያቀፈ ይሄድና መንገደኛው ሳያስበው ራሱን በኢሉባቦር ምድር ያገኘዋል። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ናት፤ ኡካ ደግሞ ከጎሬ ወደ ቡሬና ወደ ጋምቤላ በሚወስደው አቅጣጫ የምትገኝ፣ የሀሉ ወረዳ ከተማ ናት።

ይህ መንገድ ዐይንን ደስ የሚያሰኘውን ያህል ለመኪና ፈተና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት የግቤ ድልድይ ግን በ1,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። መኪናው ወደዚያ ወርዶ እንደገና ወደ ሰኮሩ መውጣት አለበት፤ ከአጋሮ በኋላም ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ ወደ በደሌ ይወጣል፤ ከመቱ ወደ ጎሬ ሲሄድም ከ1,600 ሜትር ወደ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ፣ ይልቁንም መኪናው በዕድሜ የገፋ እንደ ሆነ፣ «ሞተሩ ፈላ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። እኛም በጥቅምት ወር ወደ ኡካ ባደረግነው ጉዞ ስለዚሁ ነገር ያየነውንና የተማርነውን፣ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላመንን፣ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የጉዞአችን ምክንያት እናታችን ነበሩ። ታናሽ እኅታቸው በኡካ ተድረው ከቀሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በስልክ ድምፅ ለድምፅ ይሰማማሉ እንጂ ዐይን ለዐይን ከተያዩ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፏል። በዚህ ክረምት መጨረሻ እኅታቸው ታመው አልጋ ላይ መዋላቸው ተሰማ። እናታችን ደግሞ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋና ወገባቸውን የሚያማቸው ስለ ሆኑ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለመጓዝ አይችሉም። ስለዚህ ከአንድ ዘመድ አሮጌ የመኝታ መኪና ተዋስን። ይህች መኪና ቀድሞ ሃያ ሰው ያህል ትጭን የነበረች አነስተኛ አውቶቡስ ስትሆን፣ ወንበሮቿ ተነቅለው በምትካቸው ሁለት አልጋዎች፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ሣጥንና 200 ሊትር የሚይዝ የውሃ በርሜል ተገጥሞላታል። እንዲህ ያሉ መኪናዎች አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚያቋርጡ የውጭ አገር ጎብኚዎች እጅ አልፎ አልፎ በአገራችንም ይታያሉ። ታማሚና ሽማግሌ ይዞ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ የሚሰጡት ዕረፍት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ቤት የሚያህል ሸክም የተጫነበት የድሮ ሞተር ከወጣትነቱ ይልቅ በእርጅናው ዘመን የበለጠ ሥራ እንደ ተሰጠው አይዘነጋም። መኪናዪቱን ስንረከብ «በሙቀት በኩል አታስቸግርም፤ ዱሮውኑ መፍትሔ ተደርጎላታል» ተብለን ነበር። የተደረገው መፍትሔ ምን እንደ ሆነ ግን የነገረን አልነበረም።

ነገሩን ለመረዳት የሞተርን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት መንኰራኵር ለማዞር የሚውለው ከግማሽ በታች ነው። የቀረው ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከፊሉን ደግሞ በሞተሩ ጓዳዎች ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ያደርሰዋል። ራዲያተሩ በቀጫጭን ቧንቧዎችና ክንፎች የተሠራ ስለ ሆነ ነፋስ ሲያገኘው ውሃውን ያበርደዋል። ውሃውን የሚገፋው ፖምፓ ነው፤ ነፋሱን የሚስበው ማራገቢያው ነው፤ በብዙ የድሮ መኪናዎች ሁለቱንም የሚያዞራቸው ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ ነው። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዘው የድሮው ፎልክስዋገን ራዲያተር ስለሌለው ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው።

በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ግን አንድ በር ጠባቂ አለ፤ እርሱም ቴርሞስታት ነው። መጠኑ ከትንሽ የቡና ሲኒ አይበልጥም። በመካከሉ ሰም የተሞላች ትንሽ የብረት ሙዳይ አለች። የጧፍ ሰም በሙቀት እንደሚቀልጥ ሁሉ ይህም ሰም ውሃው ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም ያብጥና ዘንጉን ገፍቶ በሩን ይከፍታል። ሲበርድ ይኰማተራል፤ ሽቦውም በሩን መልሶ ይዘጋዋል። እንዲህ ያለውን በሰም የሚሠራ ቴርሞስታት ሰርጊየስ ቬርኔ የተባለ ሰው በ1930ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ፈለሰፈው፤ እስከ ዛሬም በአብዛኞቹ መኪናዎች የሚሠራበት ይኸው ነው። ብዙዎቹ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ መከፈት እንዲጀምሩ የተሠሩ ናቸው፤ ቍጥሩም በላያቸው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሥራቸው ሞተሩ ሲነሣ ቶሎ እንዲሞቅ፣ ከሞቀም በኋላ በዳገትም ሆነ በቍልቍለት በአንድ የሙቀት ልክ እንዲቈይ ማድረግ ነው። ሞተር ከልክ በላይ መሞቁ እንደሚጎዳው ሁሉ ከልክ በታች መቀዝቀዙም ይጎዳዋል፤ ነዳጅ ያባክናል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ብረቱም ያለ ጊዜው ይበላል።

ከአዲስ አበባ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ወልቂጤ እስክንደርስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታችኛው መስመር እምብዛም ከፍ አላለም። እናታችን «እግሬን በረደኝ» ስላሉ ሹፌራችን የቤቱን ማሞቂያ ከፈተላቸው፤ የሚወጣው ነፋስ ግን ለብ እንኳ አላለም። ወደ ግቤ ስንወርድ መርፌው ጭራሽ ወርዶ ተኛ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ከጀመርን በኋላ ግን ቀስ እያለ ተነሣ፤ ግማሽ አለፈ፤ ሦስት አራተኛ ደረሰ፤ ከዚያም ቀዩን መስመር ነካ። ከፊተኞቹ ወንበሮች በታች የሚፍለቀለቅ ድምፅ ተሰማ፤ የጋለ ውሃ ሽታም ቤቱን ሞላው። ሹፌራችን ሰፊ ቦታ ፈልጎ መኪናዪቱን ከመንገድ አወጣና ወዲያው ሞተሩን አጠፋ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ነገር የደረሰው በዚህ ጊዜ ነበር። ከእኛ ጋር የነበረው የዐሥር ዓመት ልጅ ሊረዳ ሽቶ የውሃ ጀሪካን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት ጎንበስ አለ። በእንደዚህ ያለች መኪና ሞተሩ ያለው ከፊተኞቹ ወንበሮች በታች ስለ ሆነ ክዳኑ ከቤቱ ውስጥ ይገኛል። ሹፌራችን «እጅህን!» ብሎ ጮኸና ክንዱን ያዘው። እናታችንም ከአልጋቸው ሆነው «ምነው ልጄ፣ የጠማው ጠጥቶ ይሂድ እንጂ» አሉት። እርሱም በትሕትና «እማማ፣ የጠማው ሰውና የፈላ ድስት አንድ አይደሉም» ብሎ መለሰላቸው።

የሹፌራችን ቃል እውነት ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ በክዳኑ ታፍኖ የተያዘ ስለ ሆነ ከተለመደው የመፍያ ልክ በላይ ግሎ ሳይፈላ ይቈያል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ውሃውም በዚያው ቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ወደ ላይ ይተኰሳል። ፊትን፣ ዐይንንና ደረትን ያቃጥላል። ስለዚህ በየቤቱ ያሉ ወላጆች ለልጆቻቸው ሊነግሩት የሚገባው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ የጋለ ሞተር ክዳን አይነካም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ መቈየት፣ ላይኛውን የጎማ ቧንቧ በእጅ ያዝ አድርጎ የሚታገሥ ሙቀት እስኪሆን መጠበቅ፣ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ክዳኑን ጥቂት ብቻ ዞር በማድረግ ትንፋሹ እስኪወጣ መታገሥ፣ በመጨረሻም ፊትን ወደ ሌላ አዙሮ መክፈት ይገባል። ውሃ ሲጨመርም ሞተሩ ተነሥቶ ቀስ ብሎ እየሠራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። በጋለ ብረት ላይ በርከት ያለ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ቢፈስበት የሞተሩ ራስ፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

እኛም ከአንድ ሰዓት ዕረፍት በኋላ እንዲሁ አድርገን መንገዳችንን ቀጠልን። ጅማ አድረን በማግስቱ በጧት ስንነሣ ሹፌራችን ሦስት ነገር አደረገ። የውሃ በርሜሉን ከግማሽ በላይ አፍስሶ ሸክሙን አቀለለ። ዳገት በደረሰ ቍጥር ሞተሩ ሳያቃስት ገና ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ለወጠ፤ ይህም ማራገቢያውና ፖምፓው በፍጥነት እንዲዞሩ ያደርጋል። መርፌው ሲነሣም የቤቱን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ማሞቂያው ራሱ እንደ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳልና። ከዴዴሳ ወደ በደሌ በሚያወጣው ዳገት መርፌው እንደገና ወደ ቀዩ ቢጠጋም በዚህ ዘዴ ሳይፈላ አለፍን። እናታችን ግን መስኮት ተከፍቶላቸው እንኳ በላብ ተጠምቀው ነበር። ታማሚ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ራሱ ታሞ እንዳይደርስ ፈራን።

ከበደሌ በኋላ ያለውን አገር ፍርሃት እንኳ ቢኖርብን ሳናደንቅ ለማለፍ አልቻልንም። የያዩ የቡና ደን በዚህ መንገድ ላይ ነው። ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች ይታያሉ፤ ጥቅምት ስለ ነበረም የቡናው ፍሬ በብዙ ቦታ ቀልቷል። ሁሩሙን አልፈን መቱ ስንገባ መሽቶ ነበር።

በመቱ ሰዎች ወደ አንድ አረጋዊ መካኒክ መሩን። እርሳቸው መኪናዪቱን ከመንካታቸው በፊት ሹፌራችንን ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ጧት ስታስነሣት ቶሎ ትሞቃለች ወይስ ትዘገያለች? በቍልቍለትስ መርፌው የት ይሆናል?» እርሱም ያየውን ሁሉ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና የቴርሞስታቱን ቤት ሁለት ብሎኖች ፈትተው ከፈቱት። ውስጡ ባዶ ነበር። «እነሆ፣ በር ጠባቂው የለም» አሉ። መፍትሔ የተባለው ይህ ኖሯል፤ አንድ ሰው በአንድ ወቅት ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል።

ረዳታቸው የነበረው ወጣት ተደንቆ «ጋሼ፣ ቴርሞስታት ከሌለማ ውሃው ያለ ከልካይ ወደ ራዲያተሩ እየሄደ ይበልጥ መቀዝቀዝ አልነበረበትም?» ሲል ጠየቀ። አንባቢም ይህንኑ ሳይጠይቅ አይቀርም። አረጋዊው የመለሱለት በመስኖ ምሳሌ ነው። በብዙ ሞተሮች ውስጥ ውሃው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወደ ራዲያተር የሚወስደው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞተሩ ቀዝቃዛ በሆነ ጊዜ ውሃው እዚያው በሞተሩ ውስጥ እንዲዞር የሚያደርግ አቋራጭ ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት በታችኛው ወገኑ ባለው ክዳን አቋራጩን ይዘጋዋል፤ ገበሬ ውሃውን ወደ አንዱ ማሳ ለመምራት የሌላውን ቦይ በአፈር እንደሚደፍነው ማለት ነው። ቴርሞስታቱ ከተነሣ ግን ሁለቱም ቦዮች ክፍት ይሆናሉ፤ ውሃውም አጭሩንና ቀላሉን መንገድ ስለሚወድ ብዙው የጋለ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሥራ በቀለለበት ሜዳና ቍልቍለት ይህ አይታወቅም፤ እንዲያውም ሞተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል። ሥራ በበዛበት ዳገት ግን ወደ ራዲያተሩ የሚደርሰው ውሃ ስለማይበቃ ይፈላል። የእኛ መርፌ በቍልቍለት መተኛቱና በዳገት መቅላቱ የአንዱ ጕድለት ሁለት ገጽ ነበር።

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል በአገራችን የተለመደ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም አለው። መለዋወጫው በየከተማው አይገኝም፤ ተበላሽቶ ሳይከፈት የቀረ ቴርሞስታት ሞተር ያቃጥላልና በመንገድ ላይ ለቸገረው ሰው አውጥቶ እስከሚቀጥለው ከተማ መድረስ ሊያስፈልግ ይችላል። ሆኖም የአንድ ቀን ማምለጫ የዘላለም መፍትሔ ሲደረግ፣ ከዚያም ስሙ ሳይነገር ለሚቀጥለው ባለ መኪና ሲተላለፍ፣ ጕዳቱ በማያውቀው ሰው ላይ ይወድቃል።

አዲስ ቴርሞስታት በዚያ ሌሊት የሚገኝ አልነበረም። አረጋዊው ግን ከተሰበሩ የዚሁ ዐይነት ሞተሮች የተፈቱ ሦስት ቴርሞስታቶች ከሣጥናቸው አወጡ። «የትኛው እንደሚሠራ ድስቱ ይነግረናል» አሉ። ባረፍንበት ቤት ያሉት እመቤት አንድ አሮጌ ድስት ሰጡን፤ ቡና የተፈላበት ከሰል ገና አልጠፋም ነበር። ሦስቱም በክር ታስረው የድስቱን መቀመጫ እንዳይነኩ በውሃው ውስጥ ተንጠለጠሉ፤ የቤቱ ልጆችም ሁሉ ዙሪያውን ከበው ተመለከቱ። አንደኛው ገና ውሃው ሳይሞቅ ክፍት ነበር፤ ሽቦው ደክሟል። ሁለተኛው ውሃው እየተፍለቀለቀ እንኳ አልተከፈተም፤ ሰሙ ሞቷል። ሦስተኛው፣ 82 የሚል ቍጥር የነበረበት፣ ውሃው ከመፍላቱ በፊት ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ፤ ከድስቱ ወጥቶ ሲበርድም መልሶ ዘጋ። የዐሥር ዓመቱ ልጅ «ይኼ ሕያው ነው!» ብሎ ጮኸ። በማግስቱ የተገጠመው እርሱ ነው።

ይህን ፈተና ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው ይችላል፤ ነገር ግን በደጋ ለሚኖር ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቍጥር የመፍያው ልክ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃ በጋምቤላ በ98 ዲግሪ ገደማ፣ በመቱ በ95 ገደማ፣ በጎሬ በ93 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። 92 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ቴርሞስታት በአዲስ አበባ ድስት ውስጥ ባይከፈት ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። አረጋዊው መካኒክ የራዲያተሩን ክዳን ገልብጠው ሲያዩት የውስጡ ጎማ ተሰነጣጥቆ ነበር። ክዳን ውሃ እንዳይፈስ መሸፈኛ ብቻ ይመስለናል፤ ዋናው ሥራው ግን ግፊት መያዝ ነው። 0.9 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ውሃውን አፍኖ በጎሬ ከፍታ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቈየዋል። ጎማው ያረጀ እንደ ሆነ ግን ውሃው ገና በ93 ይፈላል። ቴርሞስታቱ በ82 መከፈት ጀምሮ ፈጽሞ የሚከፈተው ከዚያ ዐሥርና ከዚያ በላይ ዲግሪ አልፎ ስለ ሆነ፣ በደጋ አገር ያለ ጤነኛ ክዳን የሚሄድ መኪና በመደበኛ ሥራውና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከቴርሞስታቱ ጋር ክዳኑም ተለወጠ። ረዳቱም በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተጋገረውን ጭቃና የሣር ፍሬ ከኋላ ወደ ፊት በሚፈስ ውሃ አጠበው። ሥራው በሙሉ ከግማሽ ቀን አልበለጠም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎሬ ተነሣን። ጎሬ ቀድሞ የኢሉባቦር ዋና ከተማ የነበረች፣ በአገራችን ዝናም ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ፣ በታሪክም የከበረች ናት። ጠላት አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ለጥቂት ወራት በዚህች ከተማ ነበር፤ ብፁዕ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ የተገደሉት በዚህችው በጎሬ ነው። የቡና ነጋዴዎችም ከዚህ ተነሥተው ወደ ጋምቤላ ይወርዱ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ስለ ተቋቋመ፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ቡናውን ይጭኑት ነበር። ያን ዳገትና ቍልቍለት የሚመላለሱት በቅሎና ሰው ነበሩ። በቅሎ ሲደክማት ትቆማለች፤ ነጋዴውም ጭነቷን ያወርድላታል፤ ሞተር ግን እስኪቃጠል ይሄዳል፤ ስለ እርሱ የሚቆምለት መርፌውን የሚያይ ሹፌር ነው።

የጎሬን ዳገት ስንወጣ ሁላችንም፣ እናታችንም ጭምር፣ ዐይናችን ከመርፌው ላይ አልተነሣም። መርፌው ግማሽ ላይ ቆመ። ዳገቱ ጸና፤ መርፌው ጥቂት ከፍ ብሎ ተመለሰ። ከጎሬ ወደ ኡካ ስንወርድም እንደ ቀድሞው አልተኛም፤ እዚያው ግማሽ ላይ ቈየ። የቤቱ ማሞቂያም ለመጀመሪያ ጊዜ የእናታችንን እግር አሞቀላቸው።

ኡካ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከተማዋ በቡናና በዛፍ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ አቧራው በዝናም ስለሚታጠብ ቅጠሉ ሁሉ ያብረቀርቃል። የጎረቤት ሰዎች «አካም ጅርቱ» እያሉ በደጅ ተቀበሉን። ታማሚዋ እኅት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። እናታችን ወደ ውስጥ ገብተው ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡ፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ቈዩ። ከዚያ ታናሺቱ «እቴ፣ መኪናው አላንገላታሽም?» ብለው ጠየቁ። እናታችንም «በር ጠባቂው ጠፍቶ ነበር፤ መቱ ላይ ተገኘ» ብለው መለሱ። እኅታቸው ነገሩ ባይገባቸውም ሣቁ፤ ከታመሙ ወዲህ ሲሥቁ ያየናቸው የመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ልጆቻቸው ነገሩን። አምስት ቀን አብረን ሰነበትን።

በአሮጌ መኪና ቤተ ሰብ ይዞ ለመጓዝ ለሚያስብ ሁሉ ከዚህ ጉዞ ያገኘነውን በአጭሩ እንናገራለን። ከመነሣት በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ውሃ፣ የክዳኑን ጎማ፣ የቺንጋውን ጥብቀትና የጎማ ቧንቧዎቹን መመልከት ይገባል፤ ሲጨመቅ እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚልም ሆነ እንደ ደረቅ እንጨት የሚሰነጠቅ ቧንቧ መለወጥ አለበት። ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ለችግር ቀን እንጂ ለዘወትር አይሆንም፤ ደለሉና ዝገቱ የራዲያተሩን ቧንቧዎች ይደፍናልና። በምትኩ ኩለንት የሚባለውን ፈሳሽ ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ መጠቀም ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያውንም ልክ ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ይህ ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ መርዝ ነው። በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ አይቀመጥ፤ ከልጆችና ከቤት እንስሳት ይራቅ፤ የፈሰሰውም ይታጠብ።

በመንገድ ላይ ሞተሩ ቢግል ምልክቱን መለየት ይጠቅማል። መኪናው ቆሞ ሳለ ብቻ የሚግል ከሆነ ማራገቢያውን ተጠራጠር፤ በፍጥነት ሲሄድ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኖ ይሆናል፤ ከተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መርፌው በድንገት ሽቅብ ከወጣና ላይኛው ቧንቧ ግሎ ታችኛው ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል፤ በቍልቍለት ቀዝቅዞ በዳገት የሚፈላ ከሆነ ደግሞ እንደ እኛይቱ መኪና ቴርሞስታቱ ተወስዶ ይሆናል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የተጨመረበት ቡና ከመሰለ፣ በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ስለ ተቃጠለ ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት ሞተሩን መግደል ነው። ውሃው ሳይጎድል መርፌው ብቻ ከፍ ካለ ቆሞ ሞተሩን በቀስታ ማሠራት ይሻላል፤ ውሃው ፈስሶ ከሆነ ግን ወዲያው ማጥፋት ይገባል።

ከዚህም ሁሉ ጋር፣ አሮጌ መኪና የሚገዛ ወይም የሚዋስ ሰው «ቴርሞስታቱ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይፈር። አዎን ቢሉት ጧት አስነሥቶ መርፌው በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞቅ ይመልከት። የሚሸጥ ወይም የሚያውስ ሰውም የተነሣ ነገር እንዳለ ሳይሸሽግ ይናገር። እኛ ከኡካ ተመልሰን መኪናዪቱን ለባለቤቷ ስናስረክብ ከሞተሩ መሸፈኛ በውስጥ በኩል እንዲህ የሚል ወረቀት ለጥፈንበታል፦ «ቴርሞስታት አለ፤ 82 ዲግሪ፤ በጥቅምት በመቱ ተገጠመ፤ አይነሣ።»